ቅዱስ ወለል

ሚውረን ካሊናን ወደ ጉባኤው ስትሄድ ቅዱስ የመግደል አሳብ አልነበራትም። በምዕራብ አየርላንድ፣ ዝናብ እንግዳ ሳይሆን ባለቤት በሆነበት አገር፣ የመካከለኛውን ዘመን የኬልት ሕዝቦች ቋንቋና ጽሑፍ የሚያጠኑ ሊቃውንት በየዓመቱ ይሰበሰባሉ። ግማሾቹ ጥናት ያቀርባሉ፣ ግማሾቹ ያንቀላፋሉ፤ ከምሳ በኋላ ተራ ይለዋወጣሉ።

የጉባኤው አድባር ፕሮፌሰር ኮርማክ ደቭሊን ናቸው። ስማቸውን የተከሉት በአንድ ቅዱስ ላይ ነው፤ በቅዱስ ኡርላር። ይህ ቅዱስ ገድል የለው፣ መቃብር የለው፣ ተአምር የለው። ያለችው በአንድ የላቲን መዝሙረ ዳዊት ጠርዝ ላይ አንድ መነኩሴ በአየርላንድኛ የጫራት አጭር ዐረፍተ ነገር ናት። እሷም ደብዝዛ፣ «ኡርላር ቀዝቃዛ ነው» ከሚለው በቀር የሚነበብ አልቀራትም። ኡርላር በአገሬው ቋንቋ ወለል ማለት መሆኑን የትኛውም አፉን የፈታ ሕፃን ያውቃል። ፕሮፌሰሩም አላጡትም። ግን ሕፃን በሚያውቀው ነገር ማን ፕሮፌሰር ይባላል? «ሰው ሁሉ ይርገጠኝ ብሎ ራሱን ወለል ያሰኘ ትሑት ቅዱስ ነበር፤ ቀዝቃዛ ነው ማለቱም በብርድ ሰማዕት ሆነ ማለት ነው» ብለው ጻፉ። በዚያ ላይ ሦስት ወፋፍራም መጻሕፍት ደረደሩ። ደቀ መዛሙርታቸውም በቅዱሱ ትሕትና ላይ ተመራምረው ዶክተር ተባሉ፤ ከተባሉ በኋላ ግን ትሕትናውን ለቅዱሱ ተዉለት።

ሚውረን የኮንትራት መምህርት ናት፤ ኮንትራቷም በሰኔ ያልቃል። ያቺን ብራና በአዲስ ዓይነት መብራት ፎቶ ብታስነሳት፣ የደበዘዘው ቀለም ብቅ አለ። የጠፋው ቃል «የወጥ ቤቱ» የሚል ነበር። አነበበችው። ደግማ አነበበችው። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መሆኗን ረስታ ከት ብላ ሳቀች። የወጥ ቤቱ ወለል ቀዝቃዛ ነው!

ጥናቷን የምታቀርብበትን መድረክ የሚመሩት ራሳቸው ደቭሊን ሆኑ። ከእሷ በፊት የነበረው ሰው ስለ አንዲት አናባቢ ሲያብራራ የእሷንም ሰዓት በልቶባታል።

«አጠር አድርጊያት፣ ልጄ» አሏት።

«አጭር ናት» አለች። ፎቶውን አሳየች፣ ቃሉን አነበበች። «እንግዲህ ኡርላር ሰው አይደለም፤ ወለል ነው። አንድ መነኩሴ እግሩን ሲበርደው የጻፋት ናት።»

 ያንቀላፉት ሳይቀሩ ነቁ። ከጀርመን የመጡ አንድ ሊቅ እጃቸውን አወጡና፣ «የትኛው ወጥ ቤት?» ብለው ጠየቁ። መልስ ሳይጠብቁም ጻፉት።

ሚውረን ከደቭሊን የጠበቀችው ቁጣ ነበር። ለቁጣ ተዘጋጅታለች። ሰውየው ግን ፊታቸው በራ።

«ድንቅ ነው! ሁሌ የምለውን አረጋገጠችልኝ። ቅዱስ ኡርላር ወጥ ቤት ያገለግል ነበር ማለት ነው! በትሕትና ላይ ትሕትና!»

አዳራሹ እፎይ ብሎ አጨበጨበ።

በሻይ ሰዓት የድሮ የትምህርት ጓደኛዋ ፊንባር ኬክ እያኘከ ወደ ጥግ ሳባት። «አንጀቴን አራስሽው! ወለል እኮ ነው! እኔ ከጥንትም አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ምን ዘጋህ?»

«አንቺ ደግሞ! የእኔን መጽሐፍ የሚገመግሙት እሳቸው አይደሉም እንዴ?»

ከእሱ በኋላ ሌላው መጣ፣ ከዚያ ሌላዋ። ንስሐ እንደሚገባ ሰው እየተራ ጆሮዋ ሥር ጎንበስ እያሉ «ልክ ነሽ» ይሏታል፤ ቀና ሲሉ ስለ ዝናቡ ያወራሉ።

ደቭሊንም መጡ፤ እሳቸው እንኳ ድምፃቸውን አልቀነሱም።

«ስሚ ልጄ፣ ‹ቅዱስ ኡርላርና ማድቤቱ› የሚል ትልቅ ጥናት ልጀምር ነው። አምስት ዓመት ይፈጃል። ረዳቴ አንቺ ነሽ።»

«ፕሮፌሰር፣ ቅዱሱ እኮ የለም።»

«አለመኖሩን ታጠኛለሻ! አንድ ምዕራፍ እሰጥሻለሁ።»

አልሳቀችም። አምስት ዓመት ቀላል ነገር አይደለም። ሻጋታ ከሚሸት ክፍሏ መውጣት፣ በየሰኔው ደጅ ከመጥናት ማረፍ ማለት ነው። ለጊዜው «ላስብበት» አለች፤ በማለቷም አፈረች። የዚያን ቀን ምሳ አልበላ አላት። ዐይኗ ላይ የሚመጣባት ያ መነኩሴ ነበር፤ ብዕሩን በትንፋሹ እያሞቀ፣ አንዱን እግር በሌላው ላይ እየደረበ። ከዚህ ሁሉ ወሬ ውስጥ በእርግጥ የኖረው እሱ ብቻ ነው። ስለ እሱ ደግሞ የጠየቀ የለም።

በማግስቱ በመዝጊያው ላይ ደቭሊን አዲሱን ጥናት አወጁ። «አጋሬ ዶክተር ሚውረን፣ እስቲ ተነሺና ይዩሽ!»

ተነሣች። ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቀች።

«እኔ እሺ አላልኩም» አለች። «ቅዱስ የለም። የነበረው የበረደው አንድ ሰው ነው፤ የእሱን ስም ማናችንም አናውቅም። ላልነበረው ግን ሦስት መጻሕፍት ጻፍንለት። ትናንት በሻይ ሰዓት ልክ ነሽ ያላችሁኝ፣ እስቲ ተነሱ።»

ፊንባር የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ አለ። ጫማው ክር የለውም። ሌሎቹም የጉባኤውን መርሐ ግብር ገና ዛሬ እንደደረሳቸው ሁሉ አተኩረው ማንበብ ያዙ። ከኋላ ወንበር ጆሯቸው የደከመ አንድ የዌልስ ሽማግሌ ብቻ ብድግ አሉ።

«ምሳ ደረሰ እንዴ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ደቭሊንም አብረው ሳቁ፤ ሽማግሌውን አመስግነው እውነትም ሁሉንም ወደ ምሳ ሸኙ። ሚውረን ብቻዋን ቆማ ቀረች። ልቧ ግን ከብዙ ጊዜ በኋላ ቀለል ብሏታል።

ኮንትራቷ አልታደሰም። አሁን በአንዲት የወደብ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አየርላንድኛ ታስተምራለች። የረዳትነቱን ቦታ ፊንባር ወሰደው። ደቭሊን በአራተኛው መጽሐፋቸው መግቢያ ላይ ምስጋና አቀረቡላት፤ ስሟን አሳስተው።

አንድ ቀን ፊንባር ደወለ። ሰላምታውን አሳጥሮ፣ «ሚውረንዬ፣ ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ተቀርቅሬ ቀርቻለሁ። ቅዱሱ ምን ያበስል ነበር ትያለሽ?» አላት።

የተማሪዎች ደብተር እያረመች ነበር። «ገንፎ በላቸው» አለችና ዘጋችው።

በዓመቱ ጉባኤው ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ የአጃ ገንፎ ነው አለ፤ ግማሹ የገብስ ነው ብሎ ሙጭጭ አለ። ከጀርመን የመጡት ሊቅ ደግሞ ሁለቱንም ወገን ገሥጸው፣ ገንፎው ቅቤ ነበረው ወይስ አልነበረውም የሚለው ሳይፈታ ወደ እህሉ መሄድ ጥድፊያ ነው አሉ።