በአንድ ባይት ያለፈች ስም

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የኤስኬ መልእክት ሲደርሰኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ከነዘር ማንዘሩ ረገምኩት። ፊቱን አይቼው አላውቅም፤ እንግሊዝ ይመስለኝ ነበር። የምንሠራበትን የፕሮግራም ቋንቋ ስታንዳርድ ላይብረሪ፣ ማለትም ከቋንቋው ጋር አብሮ የሚመጣውን የኮድ ስብስብ፣ የሚቆጣጠር ሰው ነው። እሱ እሺ ካላለ የማንም ኮድ አይገባም።

የኔ ሥራ መጠቅለያ ነው። አንድ ፕሮግራም ብዙ ሥራ ጎን ለጎን እንዲሠራ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ክር የሚባል ነገር ይሰጠዋል፤ አንዱ ክር ፋይል ሲያወርድ ሌላው ያሰላል። ታዲያ ሊኑክስ ክር የሚሰጠው በራሱ መንገድ ነው፣ ዊንዶውስም በራሱ። እኔ ሁሉንም ጠቅልዬ ለፕሮግራመሩ አንድ ዓይነት አድርጌ አቀርባለሁ። ስምንት ወር ለፍቼበታለሁ። የአዲሱ እትም በር የሚዘጋው ደግሞ የዚያኑ ቀን አሥር ሰዓት ላይ ነበር። ካመለጠኝ ሌላ ስድስት ወር መጠበቅ ነው።

ለክር ስም ይወጣለታል፤ ሲበላሽ የትኛው እንደሆነ እንዲታወቅ። ለመሞከሪያ የሚሆን ስም ሲጠፋኝ የእናቴን የክርስትና ስም ሰጠሁት፦ ወለተ ሐና። ሊኑክስ ለክር ስም የሚፈቅደው አሥራ አምስት ባይት ብቻ ነው። ለአንድ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ቦታ ይበቃዋል፤ የኛ አንድ ፊደል ግን ሦስት ባይት ይበላል። አምስቱ ፊደል አሥራ አምስት፣ መሃል ያለችው ክፍተት አንድ። እናቴ በአንድ ባይት አለፈች። ኮዴም ትርፉን ሲቆርጥ «ና» መሃሏ ላይ ተጎመደችና በቦታዋ የጥያቄ ምልክት ወጣ።

ኤስኬ ያንን አይቶ የጻፈልኝ አጭር ነው፦ «በክር ስም ከእንግሊዝኛ ውጭ ያለ ፊደል እንከልክል። አንድ መስመር ጨምሪ፣ ዛሬውኑ አጸድቀዋለሁ።»

አንድ መስመር! አልዋሽም፣ ጻፍኳት። መላክ ብቻ ነበር የቀረኝ።

የምሠራው እዚሁ ላሊበላ፣ ኪዳን ሱቅ ጥግ ላይ ነው፤ ኢንተርኔቱ እዚያ ይሻላል። ኪዳን አብሮ አደጌ ነው፤ ባጃጅ መስታወት ላይ ጽሑፍ ይለጥፋል። ስነጫነጭ ሰምቶ መቀሱን እንደያዘ መጣና ስክሪኑን አየ።

«ምን ሆና ነው ይቺ?»

«የእማዬ ስም ነው። አልበቃ ብሎ ተቆረጠ።»

«አልበቃ ካለ ፊደል ይቀነሳል እንጂ ፊደል ይሰነጠቃል እንዴ? እኔ ግማሽ «ና» ለጥፌ ባጃጅ ባስወጣ ሰፈሩ መሳቂያ አያደርገኝም?» እሱ ራሱ ሳቀብኝ። «ባለቤቱ ሙሉውን ካለኝ ደግሞ ውስጥ፣ ከሾፌሩ በላይ እለጥፍለታለሁ። አብሽሪ፣ ቦታ አይጠፋም።»

ንድድ አልኩ፤ በሱ ሳይሆን በራሴ። ፊደሏን የሰነጠቃት ኤስኬ አይደለም፣ እኔ ነኝ። የጻፍኳትን መስመር አጠፋሁ። ሙሉውን ስም መጠቅለያው ራሱ ዘንድ እንዲያስቀምጥ፣ ለሊኑክስ የሚበቃውን ብቻ እንዲሰጥ፣ ሲቆርጥም ወደ ኋላ ተመልሶ ሙሉ ፊደል ላይ እንዲቆም አደረግኩ። ሦስት ጊዜ አልሠራ አለኝ። ኪዳን ያስመጣልኝን ሽሮ ቀዝቅዞ በላሁት። በአራተኛው ሠራ። ለአሥር ሩብ ጉዳይ ላይ ላክሁና ከሥሩ «በመከልከሉ አልስማማም። ስድስት ወርም ቢሆን እጠብቃለሁ» ብዬ ጻፍኩ።

ከላክሁ በኋላ ፈራሁ። ስምንት ወር ቀላል አይደለም። ኪዳንም ሥራውን ትቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

አሥር ሰዓት ሊሞላ አራት ደቂቃ ሲቀረው መልሱ መጣ። ጸድቋል! ኪዳን ጮኸ፤ እኔ ግን ገና እያነበብኩ ነበር።

«ሙከራሽን በራሴ ስም አስኬድኩት። ሙሉውን መለሰልኝ። እዚህ ስሠራ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ በሁለት የእንግሊዝኛ ፊደል ኤስኬ የተባልኩት ስሜ በፊደሌ ሲጻፍ እየተበላሸ ስላስቸገረኝ ነው።»

ከሥሩ ስሙ ነበር። ክብ ክብ ያሉ፣ አይቼያቸው የማላውቅ ፊደሎች ናቸው።

«ምን ይላል?» አለ ኪዳን።

«እንጃ» አልኩት። እንባዬ መጣ፤ ደስም ብሎኛል፣ አፍሬያለሁም። ዓይኔን ጠራርጌ መጻፍ ጀመርኩ፦ «ስምህ እንዴት ተብሎ ነው የሚነበበው?»