በጠመኔ ያልሳልኩት ወንበር

እኔ ያልገባኝ ነገር ካለ ምግብም አይበላልኝም። ባልደረቦቼ «ወሬ ለቃሚ» ይሉኛል፤ ይበሉ። በዚያ ሳምንት ግን የምከታተለው ወሬ ሳይሆን በሽታ ነበር። ስፌት ቤታችን ውስጥ ከአሠሪያችን ከእትዬ ጋር አሥራ አራት ነን። በስድስት ቀን ውስጥ ሦስት ሰው በወረርሽኙ ተይዞ ተኛ። መጀመሪያ ኪስ ሰፊዋ፣ ቀጥሎ ቁልፍ ተካዩ፣ ከዚያ የሱሪ እግር የምታጥፈው። ሦስቱ ጎን ለጎን አይቀመጡም፣ አብረው አይበሉም፤ እንዲያውም ኪስ ሰፊዋና ቁልፍ ተካዩ ከተኳረፉ ዓመት አልፏቸዋል። ታዲያ በሽታው በምን መንገድ ዞሮ አገኛቸው?

የሁሉም ሰው ጥርጣሬ ልብስ ተኳሹ ላይ ነበር። ካውያውን ይዞ እንፋሎት ውስጥ ሲውል ያስላል። አልዋሽም፣ ከሁሉ በፊት ጣቴን የቀሰርኩበት እኔ ነኝ። ቤት አስም ያለባት እናት አለችኝ። የምንኖረው አንድ ክፍል ውስጥ ነው፤ አልጋዋንና አልጋዬን የሚለየው መጋረጃ ነው። ደረቷ ሲያፏጭ የሰማ ሰው ለምን እንደፈራሁ ይገባዋል። ይህ በሽታ እሷ ጋ ከደረሰ አለቀላት፤ እኔን ያስጨነቀኝ እሱ ብቻ ነበር።

በምሳ ሰዓት ጠመኔ አንስቼ ጨርቅ የምንቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ የሁሉንም ወንበር ሳልኩ። የታመሙትን ወንበር በክብ ከበብኩ። ከተኳሹ ወደ ሦስቱ መስመር ልስብ ብል አንዱም አልመጣልኝም። እሱ ጥግ ላይ ነው የሚውለው፤ ወደ እነሱ አይሄድ፣ እነሱም ወደ እሱ አይመጡ። «የሆነ ቦታማ ይገናኛሉ» እያልኩ ጠመኔውን ጨረስኩት።

በማግስቱ ጠዋት ከጤና ጣቢያ አንዲት ነርስ አንድ ካርቶን የምርመራ ዕቃ ይዛ መጣች። እትዬ በር ላይ ተቀበሏት።

«የሚያስለውን መርምሪና ሂጂልኝ። የታዘዝነውን ዩኒፎርም ለማስረከብ ሦስት ቀን ነው የቀረን፣ ሥራ አታስፈቺኝ» አሏት።

እኔም ማን ጠራሽ ሳልባል ገባሁበት። «እውነታቸውን ነው። ጤነኛ ሰው አፍንጫ ውስጥ እንጨት መክተት ዕቃ ማባከን ነው። ተኳሹን ብቻ ያዢልን።»

ተኳሹ ቀና ብሎ አየኝ። «እህቴ፣ ምን በደልኩሽ?» አለ ቀስ ብሎ። እኔ ግን ፊቴን ወደ ነርሷ አዞርኩ።

«የሚያስለውንማ ማንም ያውቀዋል» አለች ነርሷ ጓንቷን እያጠለቀች። «እኔን የሚያስፈራኝ በሽታው እያለበት የማያስለው ነው። ምንም ሳይሰማው ወጥቶ ይገባል፣ ለሰው ያስተላልፋል። ወይ ሁላችሁም ትመረመራላችሁ፣ ወይ ካርቶኔን ይዤ ልመለስ።»

እትዬ በረጅሙ ተነፈሱና «በሉ ተሰለፉ» አሉ። አሥራ አንዳችንም ተሰለፍን። ቆራጩ ያ ሁሉ ጡንቻ እያለው፣ እንጨቱ አፍንጫው ውስጥ ሲገባ እንባው ዱብ ዱብ አለ። ያልሳቀበት የለም።

ውጤቱ ሩብ ሰዓት ይፈጃል ስለተባለ ወደየስፌት መኪናችን ተመለስን። ነርሷ ስዕሌን አየች።

«ይሄን ማን ነው የሳለው?»

«እኔ።»

«ጎበዝ። እኛም ጣቢያ ይሄንኑ ነው የምንሠራው። የቀረ ወንበር ግን የለም?»

«ሁሉም አለ» አልኩ አፌን ሞልቼ።

ይሄኔ ጃኬት ሰፊው ጋሼ ተጣሩ። «ዓይናችን፣ ነይ እስቲ፣ ተበጠሰብኝ።»

ዓይናችን የሚሉት እኔን ነው። የአብዛኞቹ ሰፊዎች ዓይን ስለደከመ፣ ክር በተበጠሰ ቁጥር መርፌው ውስጥ የማስገባላቸው እኔ ነኝ። ሄድኩ፣ ማስኬን ወደ አገጬ አወረድኩ፣ የክሩን ጫፍ በከንፈሬ አርሼ አሾልኩት፣ ጎንበስ ብዬ አስገባሁላቸው። «ተባረኪ» አሉኝ ጋሼ፣ ፊታቸው ከፊቴ አንድ ስንዝር ርቆ።

የነርሷ ዓይን እኔ ላይ ተተክሎ ቀረ። «እንዲህ የምታደርጊው ለእነማን ነው?»

«ለብዙ ሰው ነው። ለጋሼ፣ ለኪስ ሰፊዋ፣ ለቁልፍ ተካዩ፣ የሱሪ እግር ለምታጥፈው...»

ጠረጴዛውን አየሁት። የአሥራ ሦስት ሰው ወንበር ስዬ የራሴን አልሳልኩም።

«ክሩ ይሁን ትንፋሽሽ አላውቅም» አለች ነርሷ። «ግን ማስክሽን አውርደሽ በየሰዉ ፊት የምትጎነበሺው አንቺ ብቻ ነሽ።»

ውጤቱ ወጣ። ተኳሹ ነፃ ነው፤ ሳሉ የእንፋሎትና የብናኝ ነው። ቫይረሱ የተገኘብን ሁለት ሰዎች ነን፤ ጋሼና እኔ። አንድ ቀን እንኳ አላስነጠሰኝም፣ አላተኮሰኝም።

ክው አልኩ። ለራሴ ብዬ አይደለም። እናቴም ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ዛሬም ቤት ቁጭ ብላ የጎረቤት ልብስ ትጠግናለች። ዓይኗ ስለደከመ በየጠዋቱ ሦስት መርፌ ክር አስገብቼ ትራሷ ላይ ሰክቼላት እወጣለሁ። ያን ጠዋትም እንደ ልማዴ በከንፈሬ አርሼ ነው ያስገባሁት። እሷ ደግሞ ሰፍታ ስትጨርስ ክሩን በጥርሷ ነው የምትበጥሰው።

ወዲያው ደወልኩላት። «እማዬ፣ መርፌዎቹን ነክተሻል?»

«ሁለቱን ጨርሻለሁ። ምነው?»

«ሦስተኛውን አትንኪው። መስኮቱን ክፈቺና ቁጭ በይ፣ የምትመረምርሽ ሰው ትመጣለች። በሽታው እኔ ላይ ተገኝቷል።»

«ያምሻል?»

«አያመኝም።»

«ተመስገን» አለች። ያኔ ነው እንባዬ የመጣው።

ነርሷ ከሰዓት በኋላ ሄዳ መረመረቻት። ተገኘባት። ገና ሳልም ትኩሳትም አልጀመራትም፤ ያንኑ ቀን ሆስፒታል ተኛች። በአራተኛው ቀን ትንፋሽ አጠራት፤ ግን ኦክስጅኑ ራስጌዋ ነበር፣ የሚጠብቃትም ሰው አጠገቧ ነበር። እኔ ለይቶ ማቆያ ውስጥ ሆኜ ስልኬን ከጆሮዬ ሳልነጥል ቀኑን ገፋሁት። ዳነች። ጋሼም ድነዋል።

ሥራ የተመለስኩ ቀን በቀጥታ ተኳሹ ጋ ሄድኩ። «ያን ቀን ያልመለስኩልህን ልመልስልህ ነው። ምንም አልበደልከኝም» አልኩት።

«እሱንማ እኔም አውቃለሁ» አለና መተኮሱን ቀጠለ።

አሁን በየመኪናው አጠገብ ክር የሚነከርበት አንድ ብርጭቆ ውሃ አለ። እኔን ግን አንድ ነገር እስከ ዛሬ ይበላኛል። የኔ ምክር ተሰምቶ ቢሆን ነርሷ አንድ እንጨት አውጥታ፣ ተኳሹን መርምራ፣ «ነፃ ነው» ብላ ትሄድ ነበር። እኔም ደስ ብሎኝ ቤቴ እገባና በማግስቱ ሦስቱን መርፌ አዘጋጅላት ነበር።

ዛሬ ጠዋት መርፌዎቹን ስይዝ እናቴ ከመጋረጃው ማዶ «ውሃውን አቀረብሽ?» አለችኝ። ደረቷ ትንሽ ያፏጫል። ሥራ እየረፈደብኝ ቁጭ ብዬ አዳመጥኩት።