ላልታመመ ፈቃድ የለም

የእህቴ ጥፋት አለመታመሟ ነበር።

የምንሠራው ልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው። እትዬ የምላት እህቴ የሸሚዝ ኮሌታ ትሰፋለች፣ እኔ ከጎኗ እጅጌ እገጥማለሁ። አንድ ቀን ከጤና ጣቢያ ነርስ መጥታ ምሳ መብያው አዳራሽ ሰብስባ አስተማረችን። የማህፀን በር ካንሰር ሲጀምር ምልክት የለውም አለች። "ሳያማችሁ ኑ። ቀድሞ ከተደረሰበት ካንሰር ከመሆኑ በፊት ይታከማል።" ለወሊድ ካልሆነ ሐኪም ቤት ረግጣ የማታውቀው እትዬ እጇን አውጥታ "መቼ ልምጣ?" ብላ ጠየቀች። እኔም ደስ አለኝ።

በማግስቱ አለቃችን ፊት ቆመች። እኛ በስውር "ሰዓቱ" እንለዋለን፤ ዓይኑን ከእጅ ሰዓቱ ላይ አያነሳማ!

"ጋሼ፣ ነገ ጠዋት ለምርመራ ይፍቀዱልኝ።"

"ምንሽን አሞሽ ነው?"

"እኔስ ደህና ነኝ። ደህና ሳላችሁ ኑ ስላሉን ነው።"

"ደህና ከሆንሽ ሥራሽን ሥሪያ! ፈቃድ ለታመመ ነው።"

ከኋላዋ የቆመችው ቁልፍ ተካይ ብልጥ ናት። "ወይኔ ራሴን!" ብላ ግንባሯን ያዘች፤ ወዲያው ተፈቀደላት። ስትመረመር ትንሽ ነገር ተገኝቶባት እዚያው አከሟት፣ ይኸው ዛሬ እንደ ልቧ ትስቃለች። እትዬንም "አንቺም ራሴን በይ" ብዬ ለመንኳት። "በጤናዬ ላይ አላሟርትም" አለችኝ። ጤና ጣቢያው በእረፍት ቀናችን ዝግ ነው። ደጋግማ ብትጠይቀውም መልሱ ያው ነበር።

ወራት አልፈው ማሽኗ ላይ እንደተቀመጠች ደም ሲፈሳት ግን አቤት ደግነቱ! "የፈለግሽውን ያህል ዕረፊ፣ እህቴ" አላት። ሐኪሙ ደግሞ "እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?" ይላታል። የት ትሁን! ኮሌታ ስትሰፋ ነበራ! በሽታው ሥር ሰዷል አሉን። አሁን ሆስፒታል ተኝታለች፣ ልጆቿ እኔ ጋ ናቸው።

ትናንት መካኒኩ ዘይቱን ይዞ መጣና የእትዬን ማሽን ከፈተው። በየሳምንቱ ማሽኖቹን እያስቆመ ይፈትሻል፤ የሰዓቱ ጥብቅ ትእዛዝ ነው። ደሜ ፈላ። ማሽኔን አጥፍቼ ብድግ አልኩ።

"ይሄ ማሽን ምኑን አሞት ነው?" አልኩት ሰዓቱን።

"ምን ነካሽ? ማሽን የሚፈተሸው ሳይበላሽ ነው። ከተበላሸ በኋላማ..."



"ጨርሰዋ! ከተበላሸ በኋላማ ምን?" አንቱታው ከአፌ ወድቋል፣ አላነሳሁትም።

ሴቱ ሁሉ ማሽኑን አቁሞ ያየዋል። እሱ የእትዬን ባዶ ወንበር ያያል። የእጅ ሰዓቱን ረስቶታል።

"ከነገ ጀምሮ ተራ በተራ ለምርመራ ሂዱ" አለ።

ከሥራ ስወጣ ሆስፒታል ሄጄ ለእትዬ ነገርኳት።

"ሳያማችሁ ፈቀደላችሁ?"

"ሳያመን።"

"ጎሽ፣ ደግ አደረገ" አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እሷ ጎሽ ትበለው። እኔ አልለውም።