ያልተቀመሰው ግብጦ

ሂዳያ ሳሊህ በጥርሷ የምትኮራ ሴት ናት። አምሮ ስለተደረደረ አይደለም፤ እንዲያውም አንዱ የፊት ጥርሷ ከልጅነቷ ጀምሮ ሸራፋ ነው። የምትኮራው የግብጦን ምሬት ለይቶ ስለሚያውቅላት ነው። ግብጦ እንደ ባቄላና እንደ ሽምብራ ከማሳ ተነስቶ ወደ አፍ የሚሄድ እህል አይደለም። መጀመሪያ ይቆላል፤ ከዚያ በጆንያ ታስሮ፣ ድንጋይ ተጭኖበት፣ ወራጅ ውሃ ውስጥ አምስት ስድስት ቀን ይሰነብታል፤ ምሬቱ ሲለቅ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ሲደርቅ ወፍጮ ቤት ሄዶ ይሸረከታል። ምሬቱ መልቀቁን የሚናገር መሣሪያ ግን የለም። አንድ ፍሬ በጥርስ ሰብሮ ማየት ነው።

ድሮ የምትሸጠው ለሰው ነበር። ሞጣ ገበያ ላይ በጣሳ እየሰፈረች ለአላፊ አግዳሚው ታስቆረጥም ነበር። ፋጉሎ ተወዶ በግ የሚያደልቡ ሰዎች ግራ ሲገባቸው፣ አንድ የእንስሳት ባለሙያ «ምሬቱ ከወጣለት የግብጦ ፕሮቲን ለበግ ምን ይወጣለታል» እያለ ሲያስረዳ ሰማች፤ ያን ጊዜ ፊቷን ወደ መኖ አዞረች። አልተሳሳተችም። ከፉርሽካና ከጥቂት ጨው ጋር ሲቀላቀል በጎቹ ገንዳውን እስኪያበራ ድረስ ይልሱታል፤ በሁለት ወር ውስጥ ጀርባቸው ይደላድላል።

ከደንበኞቿ ሁሉ የምትሳሳው ለቢቸናዋ ወይዘሮ ውበቴ ነው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ስድሳውን ያለፉ፣ ከበግ በቀር መተዳደሪያ የሌላቸው ሴት ናቸው። ዓምና በሽታ ገብቶ ጋጣቸውን ባዶ አስቀርቶባቸዋል። እንደምንም ብለው ለዘንድሮው ፋሲካ አሥራ አራት በጎች አስገቡ። እነዚህ ካለቁ በዚያ ዕድሜያቸው ሦስተኛ ጊዜ የሚነሱበት አቅም የላቸውም። ጎረቤቱ ሁሉ «ግብጦ መርዝ ነው፤ ይፈጃቸዋል» እያለ ሲያስፈራራቸው፣ ሂዳያ በስልክ «እትዬ ውበቴ፣ ያልተቀመሰ ፍሬ እርስዎ ደጅ አይደርስም» ብላቸው ነበር። አመኗት።

ዘንድሮ ረመዳንና ሁዳዴ አንድ ላይ ገቡ። ቀምሶ መትፋት ጾም እንደማይፈታ ኡስታዙ ነግረዋታል፤ ሂዳያ ግን ግትር ናት፤ «ምላሴ ላይ ያረፈው ወደ ጉሮሮዬ እንደማይሾልክ በምን አውቃለሁ?» ብላ እንቢ አለች። አብራት የምትሠራው ጎረቤቷ አገሬ ደግሞ በሁዳዴ ቅዳሴ ሳይወጣ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ውሃ እንኳ አትቀምስም። እናም በነገሩ በደፈናው ተስማሙ፤ ወይ አገሬ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ ወይ ሂዳያ ካፈጠረች በኋላ ትቀምሳለች። ማን መቼ የሚለውን ቁርጥ አድርገው አልተነጋገሩም። ሃያ ዓመት አብረው የኖሩ ሰዎች እንዲህ ናቸው፤ ሁሉንም ነገር የተነጋገሩት ይመስላቸዋል።

ረቡዕ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሁለቱ ከወንዙ አዲስ ጆንያ እየጎተቱ ሲያወጡ፣ ሂዳያ እንደ ዋዛ አነሳችው።

«ጎህ ሲቀድ ወደ ቢቸና የሄደው እንዴት ነበር? ስትቀምሺው ጣፈጠሽ?»

አገሬ ጆንያውን ለቀቀችው። «እኔ? አንቺ አይደለሽ እንዴ ማታ ያፈጠርሽበት?»

«እኔማ አንቺ ቀምሰሽዋል ብዬ!»

«እኔም አንቺ ቀምሰሽዋል ብዬ!»

ተያዩ። ሂዳያ ቀሚሷን ሰብስባ ወደ ቤቷ ሮጠች። ማስጫው ሰሌን ላይ ሳይጠረግ የቀረ አምስት ስድስት ፍሬ አገኘች። አንዷን አንስታ እንደ መቆም አለች። ነፍስ ካወቀች ጀምሮ በረመዳን ቀን ላይ አፏ የገባ ነገር የለም። «አንተ ታውቃለህ» አለችና ሰበረቻት። የምላሷ ሥር ተሸበሸበ፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ተፋችው፤ ተጉመጠመጠች፤ ደግማ ተጉመጠመጠች። ምሬቱ አለ፤ ይኖራል ብላ ከፈራችው በላይ አለ።

ወይዘሮ ውበቴ ጋ ደወለች። ስልኩ ዝግ ነው። ጆንያውን ያደረሰው የሚኒባሱ ሹፌር ምንይሉ ጋ ደወለች።

«ሰጠሃቸው እንዴ?»

«ገና ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ነው የሰጠኋቸው እትዬ ሂዳያ። ያለፈው አልቆባቸው ኖሯል። በጎቹ ባዶ ገንዳ እየላሱ ነው ብለው፣ በስንት ምርቃት ነው የተቀበሉኝ።»

ምርቃቱ እንደ እርግማን ጆሮዋ ውስጥ ገባ። የጠገበ በግ መራራ አይነካም ይባላል፤ ባዶ ገንዳ የሚልስ በግ፣ ያውም ጨውና ፉርሽካ ከተቀላቀለበት፣ ምኑን ይመርጣል? አገሬ ከኋላ ደርሳ «እኔም ልምጣ» ስትል፣ ሂዳያ «አንቺ እዚህ ሆነሽ ደውዪ፤ እጅሽ እስኪዝል ደውዪ» ብላት መናኸሪያ ገባች።

ያን ዕለት መኪናው የሚሄድ አልመስል አላት። ደብረ ወርቅ ላይ ሹፌሩ ጎማ ሊያስነፋ ቆሞ ከጎማ ነፊው ጋር ወሬ ሲጀምር፣ ሂዳያ መስኮቱን ከፍታ «ወሬውን ስትመለስ ጨርሰው!» ብላ ጮኸችበት፤ ተሳፋሪው ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም። አሥራ አራቱን በጎች ባታያቸውም ባለቤታቸው በስልክ እያንዳንዱን አስተዋውቀዋታል፤ ጥቁሩ ተዋጊ ነው፤ ቡላው ስልቻ ያህላል፤ አንደኛው ሳል አለበት። አሁን ሁሉም አፋቸው አረፋ ደፍቆ ይታያታል። ደግሞ ከበጎቹ ይልቅ የሴትዮዋ ፊት። ምን ይሏት ይሆን? ቢሰድቧት ይሻላል። ዝም ካሉ ግን አልቆላታል።

ቢቸና ስትደርስ ስምንት ሰዓት አልፏል። እየጠየቀች የወይዘሮ ውበቴን ግቢ አገኘችው። በሩ ተቆልፏል። ከጎረቤት አንዲት ሴት ብቅ ብላ «ቅዳሴ ናቸው፤ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን አይመለሱም» አለቻትና ገባች። ሂዳያ በአጥሩ ቀዳዳ አጮልቃ አየች። በጎቹ ጋጣው ጥላ ሥር ተዘርረዋል። አንዱም አልቆመም።

«ያ ረቢ!» አለች።

ቀዳዳው ላይ ግንባሯን ተክላ ቆየች። ጥቁሩ በግ አንገቱን ቀና አደረገ፤ ወዲያ ወዲህ አየ፤ ከዚያ መንጋጋውን ማመላለስ ጀመረ። እያመነዠከ ነው! ከጎኑ ያለውም ያመነዥካል። ስልቻ የሚያህለው ቡላ ተነሳ፤ ተንጠራራ፤ ሸናና ተመልሶ ተኛ። ሂዳያ በግ ሲሸና አይታ «አልሐምዱሊላህ» ያለች የመጀመሪያዋ ሰው ሳትሆን አትቀርም። ግን ምን ይታወቃል፤ በልተውት ገና ያልያዛቸው ቢሆንስ? እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ እየቆጠረች፣ ደግማ እየቆጠረች ጠበቀች።

ወይዘሮ ውበቴ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ብቅ ሲሉ ሂዳያ ሰላምታ እንኳ አላስቀደመችም።

«እትዬ ውበቴ፣ ግብጦውን ሰጧቸው?»

«እህ! ሂዳያ ነሽ? በድምፅሽ ነው ያወቅሁሽ። ደኅና ዋልሽ አይባልም እንዴ ልጄ?»

«ደኅና ዋሉ። ሰጧቸው?»

«የዛሬውን? ኧረ አልሰጠሁም።»

ሂዳያ አጥሩን ተደግፋ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ሳልቀምስማ እንዴት እሰጣለሁ?» አሉ ሴትዮዋ፣ ቁልፉን እየፈለጉ። «ጠዋት ልደባልቀው ጨውና ፉርሽካዬን አውጥቼ ነበር። ኋላ ግን አሰብሁት። አንቺ በረመዳን፣ ጓደኛሽ በሁዳዴ፤ ታዲያ ይኼን ማን ቀመሰው? አልሁ። እንዳልቀምሰው እኔም ጾመኛ ነኝ። ከቅዳሴ መልስ ቢሆን ምን ይላል ብዬ ድርቆሽ በትኜላቸው ሄድሁ። እንዴ፣ ምን ሆነሽ ነው የምታለቅሽው?»

ሂዳያ ማልቀሷን ያወቀችው ሲነግሯት ነው። ደግሞም ትስቅ ነበር፤ የቱ እንደቀደመ እሷም አታውቀውም። ወይዘሮ ውበቴ ግቢያቸውን ከፍተው አስገቧት፤ ጸበላቸውን ቀምሰው ሲያበቁ ከጆንያው ቆንጠር አድርገው አፋቸው ውስጥ ጣል አደረጉ። ወዲያው ተፉት።

«እረ እሬት! ይኼማ ጨርሶ ውሃ አላየም!»

«አየ፤ ግን አልጨረሰም» አለች ሂዳያ፤ ሁሉንም ሳትደብቅ ነገረቻቸው። ወይዘሮ ውበቴ ወገባቸውን ይዘው ወረዱባት። ሃያ ዓመት አብሮ መኖር እንዲህ ከሆነ ተራርቆ መኖር ይሻላል አሉ። ዓምና ያየሁት አንሶ ነው ወይ አሉ። ሂዳያ አንገቷን ደፍታ ሰማች፤ ቁጣው እንደ ቀዝቃዛ ውሃ ገላዋ ላይ ወረደ። በቁም ላለ በግ ነው እንዲህ የሚቆጡት።

ሲወጣላቸው ድምፃቸው ለዘብ አለ። «ስልኬን እንደሁ ለቅዳሴ ብዬ ዘግቼው ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብትደውዪ ታገኚኝ ነበር። ይኼን ሁሉ መንገድ በጾም አፍሽ ምን አመጣሽ? ያለቁ እንደሆነ ምንም አታደርጊ።»

«ካለቁማ በስልክ ልሰማው አልፈለግሁም» አለች ሂዳያ። «እኔ ነኝ የገደልኋቸው ብዬ ፊትዎ ቆሜ ልነግርዎት ነው።»

ወይዘሮ ውበቴ ነጠላቸውን አውልቀው አጥሩ ላይ ሰቀሉ፤ እጅጌያቸውን ሰበሰቡና የጆንያውን አንድ ጫፍ ጨበጡ።

«በይ በዚያ በኩል ያዢ። ወንዙ ቅርብ ነው፤ የተሸረከተ ደግሞ ቶሎ ይለቅለታል።»

ከበሩ ሲወጡ በጎቹ መኖው ከዓይናቸው ሊርቅ መሆኑ ገባቸው መሰል ተነሱ፤ መጀመሪያ ጥቁሩ፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሁሉም፣ ሰፈሩን በጩኸት አቀለጡት። ወይዘሮ ውበቴ ጆንያውን መሬት አስነክተው ዞሩ።

«ቆይ፣ ድርቆሽ ጣል ላድርግላቸውና ዝም ይበሉ።»

«ይተዉዋቸው እትዬ ውበቴ» አለች ሂዳያ፣ ጫፏን ሳትለቅ። «ትንሽ ይጩሁልኝ።»