ውጤቱ እስኪነገር

የፋብሪካው መኪና ግቢ ሲገባ መካኒኩ ከረባቱን እያስተካከለ ነበር። ትኬቱን ቆርጠው የላኩለት እነሱ ናቸው፤ ከመናኸሪያም መኪና ልከው ያስመጡት እነሱ ናቸው። ሥራ ፍለጋ በዞረባቸው ጊዜያት ሁሉ ሌሎች ቀጣሪዎች "መጥተህ ተፈተን" እያሉ በገዛ ኪሱ ሲያመላልሱት ነበር የኖሩት። የቤት ኪራዩን የበላው መንገድ ነው። አሁን ሚስቱና ልጁ ወንድሟ ቤት ተጠግተዋል፤ እሱ የጓደኛው ጋራዥ ውስጥ ያድራል። ሚስቱ ግን የመሄጃውን ሒሳብ ቀጣሪው ቻለ ስትባል ነገሩ አላማራትም። "ሳያውቁህ እንዲህ የሚንከባከቡህ ምን ፈልገው ነው?" ብላዋለች። እሱ ምን ያማርጣል? ይህ ሥራ ከተገኘ ሦስቱም እንደገና በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራሉ።

ግቢው ከልክ በላይ ንጹሕ ነው። በየጥጉ የሚጠርግና መስኮት የሚወለውል ሰው ሞልቷል። አንድ ሽማግሌ አትክልተኛ ከረባቱን አስሮ አበባ ያጠጣል። ደጅ ላይ ዕቃ የምታጥበው ሴት ባለ ተረከዝ ጫማ ተጫምታለች። መካኒኩ በሆዱ ሳቀ፤ አትክልተኛውን ከረባት ያሰረ ቤት መካኒኩንማ ምን ሊያለብሰው ነው?

ጠያቂዎቹ ሦስት ነበሩ። ስለ ሽመና ማሽን ጠየቁት፤ አንድ ሳያስቀር አስረዳቸው። ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙት እንጂ አንዳቸውም ብዕር አላነሱም። ሲጨርስ የሰው ኃይል ኃላፊዋ በእናት ወግ ፈገግ አለችለት።

"ውጤቱ እስኪነገርዎ እዚሁ ያርፋሉ። አልጋውም ምግቡም በእኛ ነው።"

"መቼ ነው የሚነገረኝ?"

"ሰሞኑን።"

"የመመለሻዬስ ነገር?"

"እሱ ከውጤቱ ጋር አብሮ ይሰጥዎታል። እስከዚያው እጅዎ እንዳይፈታ፣ ታች ያለችውን ፓምፕ ቢያዩልን።"

ቅር አላለውም። ሥራ ፈትቶ የከረመ እጅ መፍቻ ሲጨብጥ ምን ያህል ደስ እንደሚለው የደረሰበት ያውቀዋል። ፓምፗን ፈታትቶ ገጠማት። ውሃው ሲመጣ አትክልተኛው ቱቦውን እየጎተተ ወደ እሱ ቀረበ። ከቅርብ ሲታይ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ነትቧል፤ ከረባቱም ቀለሙ ለቋል።

መካኒኩ ሊጫወት ብሎ፣ "አባቴ፣ እዚህ ቤት ሰው ሁሉ ዘንጦ ነው እንዴ የሚሠራው?" አለ።

"ለቃለ መጠይቅ የመጣንበት ልብስ እኮ ነው፣ ልጄ። እኔ ለሒሳብ ሹምነት ነው የመጣሁት።"

"አልተቀበሉዎትም?"

"ውጤቱ አልተነገረኝማ።"

"ከመጡ ቆዩ?"

ሽማግሌው ቀና ብሎ አጠገባቸው ያለውን ዛፍ አየ። ጥላው ሁለቱንም ሸፍኗቸዋል። "ይቺን ችግኝ ሆና የተከልኳት እኔ ነኝ" አለ።

መካኒኩ ሊስቅ ብሎ ተወው፤ የሚቀልድ ሰው ፊት አይደለም። ታዲያ ለምን አይሄዱም፣ የሚከለክል አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። በሩ ተቆልፎ እንደማያውቅ፣ ዘበኛውም ራሱ ለመሐንዲስነት የመጣ መሆኑን ሽማግሌው ነገረው።

"ታዲያ ምን ያስቀምጣችኋል?"

"ሄጄ በማግስቱ ቢጠሩኝስ?" አለ ሽማግሌው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ይህን ሁሉ ጠብቄ?"

መካኒኩን ብርድ ብርድ አለው። ያስፈራው የሽማግሌው ነገር አልነበረም። ያስፈራው አባባሉ ልክ መስሎ ስለታየው ነው።

ሊመሽ ሲል ለሚስቱ ሊደውል ወጣ። ስልክ የሚሠራው አጥሩ ሥር ብቻ ነው ብለውታል። እዚያ ሲደርስ ሰዎቹ ሁሉ በአጥሩ ልክ ተደርድረው፣ ፊታቸውን ወደ ውጭ አዙረው፣ ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ቆመዋል። መሐል ላይ አንድ ሰው የሚያስቆም ቦታ ተትቷል። ገብቶ ቆመ።

"ተቀበሉህ?" አለች ሚስቱ፣ ሰላምታም ሳታስቀድም። "ልጅህ አላስቀምጥ ብሎኛል፤ ቤታችን መቼ ነው የምንገባው ይለኛል። የወንድሜም ፊት ዛሬ አላማረኝም።"

"ውጤቱ..." ብሎ ጀመረ።

"ውጤቱ ነገ ነው" አለች በቀኙ የቆመችው ባለ ተረከዝ ጫማዋ ሴት፣ በስልክ ለምታናግረው ሰው። "ነገ ነው፣ አይዞሽ" አለ በግራው ያለው። ከዚያ ወዲያም ሌላ ድምፅ፣ ከዚያም ወዲያ ሌላ፤ ሁሉም በለሰለሰ ድምፅ፣ አንድም ሳይደናቀፍ፣ በቃሉ እንደወጣው ጸሎት። የእሱም ምላስ ጫፍ ላይ የነበረው ይኸው ነው።

"ሄሎ? አለህ?"

"አለሁ።" አለ። "አልተቀበሉኝም።"

ማንም ያላለውን ነው ያለው፤ ማን ያውቃል፣ ነገ ጠዋት ይጠሩት ይሆናል። በቀኙ ያለችው ሴት ስልኳን ከጆሮዋ አውርዳ ትክ ብላ ታየዋለች።

"እሺ" አለች ሚስቱ በመጨረሻ። "መመለሻህንስ ሰጡህ?"

"አልሰጡኝም። ከአሁን ወዲያ ስልኬ ባይሠራ እንዳታስቢ፤ ለመሳፈሪያ ልሸጠው ነው።"

ስልኩን ዘጋና ሲም ካርዷን እያወለቀ ወደ በሩ ሄደ።