ለሦስት አገር የተሰፋ ኮት

ጦርነት አይቀርም ተብሎ ሰው ሁሉ ዱቄትና ጨው ሲያከማች፣ ሦስቱ ጎረቤት አገሮች ድንገት ተፈራርመው አንድ ኅብረት ሆኑ። ብዙ ያከማቹት ሰዎች አኩርፈው ከረሙ። አንድ ገበያ፣ አንድ ገንዘብ፣ አንድ የጋራ ሸንጎ ተባለ፤ የድንበር ኬላዎች ሁሉ በአንድ ማክሰኞ ጠዋት እንዲነሡ ታዘዘ። ሰዉ «እንኳን ለዚህ አበቃን» ሲባባል፣ የሚሆነው የጠፋበት አንድ ሰው ቢኖር ጋሽ ገመድ ነበር።

ጋሽ ገመድ እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የኬላውን ገመድ ሲወጥርና ሲያረግብ ስለኖረ ሰፈሩ የሰጠው ነው። ወረቀቱ የተሟላ እግረኛ ሲመጣ ገመዱን ስንዝር ያህል ከመሬት እስኪቀረው ዝቅ ያደርገዋል፤ ሰውየው እግሩን አንሥቶ ይሻገራል። መኪና ከሆነ ጭራሽ መሬት ያስተኛዋል። ሥራው ይኸው ነው። ቀላል ነው የሚል ካለ ሃያ ስድስት ዓመት ይሞክረው።

ከገመዱ ማዶ፣ ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው፣ የታላቅ እህቱ የልብስ ስፌት ቤት አለ። ማዶ ካገባች ጀምሮ ማሽኗን መስኮቱ ሥር አድርጋ፣ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ ትሰፋ ነበር። ጠዋት ጠዋት በእጅ ሰላም ይባባላሉ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ግን እናታቸው በወዲህኛው ወገን አረፈች። እህቱ እያለቀሰች ገመዱ ጋ ስትደርስ ወረቀቷ ላይ የኬላው ሹም ማኅተም የለም፤ ሹሙ ደግሞ ስብሰባ ሄዷል። ጋሽ ገመድ ገመዱን አላረገበም። ለቀስተኛው ከመቃብር እስኪመለስ ድረስ ሁለቱ ልጆቿ ወዲህና ወዲያ እንደቆሙ ቀሩ፤ እናትየዋ ያለ እነሱ ተቀበረች።

በማግስቱ ማሽኑ ዞረ። ከዚያ ወዲህ እህቱ ፊቷን ለግድግዳው፣ ጀርባዋን ለገመዱ ሰጥታ ትሰፋለች። የተጣላ ሰው ሆድና ጀርባ ሆነ ይባላል፤ እንዲህ በመስኮት የሚታይ ሆድና ጀርባ ግን ያገሩ ሰው አይቶ አያውቅም።

እና ማክሰኞ ደረሰ። ሹሙ ገመዱን ጠቅልሎ፣ ፈርሞ ወሰደው። ጋሽ ገመድ የጭነት መኪና አስተናባሪ ተብሎ አዲስ የኅብረቱ ኮት ተሰጠው። ኮቱን ለሦስቱም አገር በአንድ ልክ ስለሰፉት ለማንም ልክ አልሆነም። እጅጌው ጣቶቹን ውጧቸዋል።

«አንተ ሰውዬ» አለችው ሚስቱ፣ «እጅህን የት ጥለኸው መጣህ?»

ጉድ የታየው ግን መንገዱ ላይ ነው። ገመዱ የነበረበት ቦታ ሲደርስ ሰዉ ሁሉ እግሩን ከፍ አድርጎ ይሻገራል። ሽንኩርት ነጋዴዋ ቅርጫቷን ተሸክማ ባዶውን አየር ስትራመድ ልትወድቅ ለጥቂት ተረፈች።

«ጋሽ ገመድ፣ ወሰዱት አይደል?»

«ወሰዱት።»

«እግሬ እኮ አልሰማም።»

ጋሽ ገመድ ሳቀ፤ ዓይኑ ግን መስኮቱ ላይ ነበር። ገመዱ ሲነሣ ትመጣለች፣ ባትመጣም ማሽኑ ይዞራል ብሎ ነበር በልቡ። ማክሰኞ አለፈ፣ ረቡዕ አለፈ። ጀርባው ያው ጀርባ ነው። እስከዛሬ ኩርፊያውን በገመዱ ያሳብብ ነበር፤ አሁን የሚያሳብብበት አጣ።

ሐሙስ ጠዋት ሚስቱ ታከታት። «ምን ትጠብቃለህ? ሂዳ።»

«ማዶ ረግጬ አላውቅም። የዘብ ደንብ ነው።»

«ደንቡ ተጠቅልሎ ሄደ እኮ።»

«በሩን ብትዘጋብኝስ?»

«አንተ አልዘጋህባትም?»

ኮቱን አጥልቆ ወጣ። ሁለቱ ምሰሶዎች መሃል ሲደርስ እግሩ ሳያማክረው ከፍ አለ። ሽንኩርት ነጋዴዋ እንዳላየች ሆነች፤ ደግነቷ ነው። ቀሪው ሁለት መቶ እርምጃ እንደ ዳገት ከበደው።

ደጃፉ ላይ ቆመ። እህቱ ዞር አላለችም።

«ወረቀት» አለች።

እጁ ወደ ኪሱ ሮጠ። ግራውን ፈተሸ፣ ቀኙን ፈተሸ፣ የደረቱን ፈተሸ። ከዚያ ነው የገባው።

«የለኝም፣ እትዬ።»

«እንግዲያ እዚያው ቁም።»

ቆመ። እሷ የያዘችውን የልጅ ቀሚስ ዙሪያውን ሰፍታ ጨረሰች፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። ማሽኑ ጸጥ ሲል ድምፅዋ ተለወጠ።

«ገመዱን ባታወርድ እንኳ፣ አጠገቤ መጥተህ ብትቆም ምን ነበረበት? እዚያ ማዶ ሆነህ ወረቀት፣ ወረቀት አልከኝ።»

«ፈራሁ።»

«ማንን?»

«ሹሙን።»

«ሹሙ እኮ አልነበረም።»

«ለዚያ ነው የፈራሁት። ቢኖር እለምነው ነበር። እኔው ብቻዬን መፍቀድ አቃተኝ። በደልኩሽ፣ እትዬ። እማማንም በደልኳት።»

ይህን ብሎ ቀና አለ። ከማሽኑ ፊት ለፊት፣ ግድግዳው ላይ፣ ደንበኞች ልብስ የሚለኩበት ትልቅ መስታወት ተሰቅሏል። መስታወቱ ውስጥ መንገዱ አለ፤ ሁለቱ ምሰሶዎች፣ የዘብ ቤቱ፣ የሚቀመጥባት ሰባራ ወንበር ሳትቀር ቁልጭ ብላ ትታያለች።

«ከዚህ ይታያል እንዴ?»

«ምኑ አይታይም? አምና ክረምት ዝናቡ ሲወርድብህ፣ ስትስል አይቻለሁ። ቅድም ደግሞ የሌለ ገመድ ስትሻገር አየሁህ፣ ማሙሽ።»

አምሳ ሦስት ዓመቱ ነው። እናቱ ከሞተች ወዲህ ማሙሽ ያለው ሰው አልነበረም። ፊቱን ሊጠርግ እጁን ሲያነሣ እጅጌው ቀድሞ ደረሰለት።

እህቱ ያን ጊዜ ዞረች። ዓይኗ ግን ፊቱ ላይ ሳይሆን ኮቱ ላይ ነው ያረፈው።

«ይህን ማን ሰፋው?»

«ኅብረቱ።»

«አንድ መሆኑ ደግ ነው» አለች፣ ስፒሎቹን ከንፈሯ መሃል እየያዘች። «ልክ ሳይወስዱ ነው እንጂ ጥፋቱ። ና፣ ግባ። ክንድህን ዘርጋ።»

ገባ። መስታወቱ ፊት አቁማ እጅጌውን ወደ ውስጥ እያጠፈች በጠመኔ ታሰምርበት ጀመር። ከትከሻው በላይ፣ መስታወቱ ውስጥ፣ ሽንኩርት ነጋዴዋ ቅርጫቷን ባዶ አድርጋ ወደ ቤቷ ስትመለስ ይታያል። ምሰሶዎቹ ጋ ስትደርስ እግሯን አነሣች።

«አትንቀሳቀስ» አለች እህቱ። «ስትስቅ ልኩ ይጠፋብኛል።»