የማሐሪ ምንሽር

ሙላት የሚስቱን የመጀመሪያ ባል ፊት አስተውሎ አይቶት አያውቅም። ፎቶግራፉ ሮቫ ጊሜል ሰፈር ባለው ቤታቸው ሳሎን ከተሰቀለ ሃያ ዓመት ቢሞላውም፣ ሙላት ባጠገቡ ሲያልፍ ዐይኑን ወደ መስኮቱ ይመልስ ነበር። ማሐሪ ሱዳን ላይ በወባ ሞቶ እዚያው ተቀብሯል፤ በፎቶግራፉ ግን ገና ጎረምሳ ሆኖ፣ ምንሽሩን ደረቱ ላይ አጋድሞ ቆሟል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ጌጥነሽ፣ "ያ ማሐሪ ነው፤ ነፍሱን ይማር" ትላለች። እንግዳውም፣ "ከነምንሽሩ!" ይላል። ያን ጊዜ ሙላት፣ "እኔም ነበረኝ፤ ደርግ ወረሰብኝ እንጂ" ይላል፤ ማንም ግን ጠይቆት አያውቅም።

በ2006፣ በአይሁድ ፋሲካ ጽዳት ሰሞን፣ የፎቶግራፉ መስታወት ተሰነጠቀ። ሙላት "አስቀይረዋለሁ" ብሎ ወሰደው፤ በልቡ ያሰበው ግን ሌላ ነበር። አድ ሃሎም በተባለው የፋብሪካ ሰፈር አብሮት መጋዘን የሚጠብቀው ራፊ በአገሩ ጦር ሠራዊት ውስጥ ሃያ ዓመት መሣሪያ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው፤ ጠመንጃ አይቶ የተሠራበትን አገርና ዘመን ይናገራል። ሙላት ምንሽሩ የማይተኩስ፣ ያረጀ ቁራጭ ብረት ሆኖ እንዲገኝ ተመኘ።

ራፊ ማጉያ መስታወቱን አስጠጋ።

"የፋብሪካው ስምና ዓመቱ የአፈሙዙ ቱቦ ከጥይት ቤቱ ጋር በሚጋጠምበት ላይ ይቀረጻል። እዚህ የለም። ቆይ፤ መቀርቀሪያው የሚንሸራተትበት ቦይም የለም። አንተ ሙላት፣ ይህ እኮ ጥቁር ቀለም የተቀባ እንጨት ነው! የፎቶ ቤት ዕቃ።"

"የት ነው የተሠራው ታዲያ?"

"አናጢ ባለበት ሁሉ!"

ሙላት ሳቁ ሊያመልጠው ሲል ማጉያውን ተቀብሎ ማሐሪን ለመጀመሪያ ጊዜ ትክ ብሎ ተመለከተው። ቀጥሎ ማንገቻውን አየ፤ ሦስት ቦታ በነጭ ጨርቅ ተቋጥሯል። በአሥራ ሰባት ዓመቱ ጎንደር ከተማ ፎቶ ሲነሣ፣ አውራ ጣቱን ያሳረፈው በዚያው እንጨት ማንገቻ ቋጠሮ ላይ ነበር።

የእርሱ ፎቶግራፍ ስደት ላይ ጠፍቷል፤ ምስክር አልነበረበትም። የማሐሪን ምንሽር እንጨትነት ገልጦ የራሱን መሸሸግ ይችላል። በአውቶቡስ ሲመለስ ይህንኑ ወሰነ።

ጌጥነሽ ልብስ ስታጥፍ አገኛት።

"ጌጤ፣ ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ፣ ይህ ምንሽር . . ."

"እንጨት ነው" አለች፤ እጇ አልቆመም።

"ታውቂ ነበር?"

"ራሱ ማሐሪ ነዋ የነገረኝ! 'ባለ እንጨቱ አገባሽ' እያለ ሲስቅ አልጋው ይንቀጠቀጥ ነበር።" ያጠፈችውን አስቀመጠችና ቀና አለች። "ያንተስ? ደርግ የወረሰው?"

ሙላት ለመዋሸት አፉን ከፈተ። ነገር ግን ያን የአልጋ ላይ ሳቅ አሰበው፤ ከምንሽሩ ይልቅ ያስቀናው ያ ሳቅ ሆነ።

"ያው እንጨት ነው" አለ በመጨረሻ። "ማንገቻው እንኳ አልተቀየረም።"

ጌጥነሽ የታጠፈውን አንሶላ አፏ ላይ ይዛ እስክትደክም ሳቀች።

"እርሱ ከሠርጋችሁ በስንተኛው ቀን ነው የነገረሽ?"

"በሦስተኛው።"

ሙላት ፎቶግራፉን ከነስንጥቁ መልሶ ሰቀለው። በጥቂቱ ዘንበል አለ፤ አላቃናውም።